የአለቃ ነጭ

አለቃ ነጭ ቀለም ሲቀላቅሉ አጠገባቸው ማስነጠስ እንኳ ክልክል ነበር። ባልዲው መሬት ላይ፣ እሳቸው በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ። በቀኝ እጃቸው ማማሰያውን፣ በግራ እጃቸው የሰማያዊ ማቅለሚያዋን ጠርሙስ ይይዛሉ። ከዚያ ጠብ ያደርጋሉ፣ ያማስላሉ፣ ዓይናቸውን አጥብበው ያያሉ። ደግሞ ጠብ፣ ደግሞ ማማሰል። ነጭ ቀለም ጥርት የሚለው ትንሽ ሰማያዊ ጠብታ ሲነካው መሆኑን ማንኛውም ቀቢ ያውቃል። አለቃ ግን ትንሽ ማለት ምን ያህል እንደሆነ ከረሱ ሰንብተዋል። ሲጨርሱ ባልዲው ውስጥ ያለው ነገር ደመና የሌለበት ሰማይ ይመስላል። እሳቸውም ወገባቸውን ይዘው ቀና ይሉና፣ "ነጭ ማለት ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ አመድ ነው" ይላሉ።

"ነጭ ነው፣ አለቃ" ይላል የልጃቸው ባል።

የልጃቸውን ባል ሰፈሩ ሙሽራው ነው የሚለው። በሠርጉ ማግሥት አለቃ ከነሙሉ ልብሱ መሰላል ላይ አውጥተውት ስለታየ ስሙ ተጣበቀበት፤ ይኸው ጠጉሩ ገብስማ ሆኖም ሙሽራው ነው። ብሩሽ አያያዝ ያስተማሩት አለቃ ናቸው፣ ሚስት የሰጡት አለቃ ናቸው፣ ሥራ የሚያገኘውም በአለቃ ስም ነው። ስለዚህ አለቃ ነጭ ነው ካሉ ነጭ ነው። እሳቸው በርጩማቸውን አንጠልጥለው ጥላ ፍለጋ ሲሄዱ ግን ሙሽራው ያንን ሰማይ ገፋ ያደርግና፣ ከጆንያ ሥር የደበቀውን፣ ከፋብሪካ እንደመጣ ያልተነካ ነጭ አውጥቶ ግድግዳውን በዚያ ይቀባል።

ነገሩ የተጀመረው ባለ ዳቦ ቤቷ ሴትዮ አዲስ የተቀባ ሳሎናቸው መሀል ቆመው፣ "አለቃ፣ እኔ ነጭ አልነበር ያልኩት?" ብለው የጠየቁ ለት ነው። አለቃ ብሩሹን ወረወሩት። "ነጭና ጥቁር የማይለይ ሰው ቤት አልቀባም" ብለው ወጡና ቤታቸው ተኮራምተው ተኙ። እህል አልቀምስም አሉ፤ ሥራው ቆመ። በመጨረሻ ምስኪኗ ባለ ዳቦ ቤት ራሳቸው መጥተው፣ ዓይናቸው ለምዶ ሲያዩት ለካ ነጭ ኖሯል ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር ስለ ነጭ ቀለም አፉን የከፈተ ሰው የለም። ሙሽራውም ባልዲ መቀየር የጀመረው ያኔ፣ የሴትዮዋን የደጅ ግድግዳ ሲቀቡ ነው።

አለቃ ደግሞ ጭራሽ አያዩም ማለት አይደለም። ግድግዳው ሲያልቅ ይመጣሉ፤ አፍንጫቸው ቀለም እስኪነካ ተጠግተው ያዩታል። "ቢጫ መታ" ይላሉ። ምክንያቱም አይጠፋቸውም። አንድ ቀን ግድግዳው የተለሰነበት ስቱኮ ቀለሙን ጠጥቶት ነው። አንድ ቀን እርጥበቱ ነው። ሌላ ቀን የባለቤቱ ሲጋራ ነው፤ ግድግዳው ገና ሳይደርቅ፣ ባለቤቱም አጫሽ ሳይሆን። የተማረ ሰው እንኳ አንዳንዴ አላውቅም ይላል፤ አለቃ ግን ይህቺን ቃል ከአፋቸው አውጥተው አያውቁም።

ሰማያዊው ባልዲስ የት ይገባል? ወደ አለቃ ቤት ነዋ። ሙሽራው በጋሪ ያመጣዋል፤ የአለቃ ባለቤት ደግሞ ዕቃ ሲባክን ካዩ የሚያማቸው ሴት ናቸው፤ ስለዚህ ቤታቸውን ቀቡበት። ሳሎኑን ቀቡ፣ መኝታ ቤቱን ቀቡ፣ ኮርኒሱን፣ በሩን፣ የዶሮ ቤቱን፣ ጓሮ ያለውን የውሃ ታንከር ሳይቀር ቀቡ። ግቢው ውስጥ ከቀለም የተረፈች ድመቷ ብቻ ናት፤ እሷም አንድ ጎኗ ተነክቷል። እዚያ ቤት የገባ እንግዳ ውሃ ውስጥ የጠለቀ ይመስለዋል። አለቃ ግን በቤታቸው የሚኮሩት ኩራት ለብቻው ነው። "ሰው ቤት የቀባሁት ሁሉ ቢጫ ይመታል። የኔን ቤት ግን እዩት፤ እንዳለ ነው" ይላሉ። የተጠራጠረ ደንበኛ ካለ ለናሙና እጁን ይዘው ያመጡታል። ደንበኛው ይገባል፣ ክው ይላል፣ የአለቃን ፊት ያያል፣ ከአለቃ ጀርባ ቆመው እጃቸውን የሚያርገበግቡትን ባለቤታቸውን ያያል፤ ከዚያ፣ "እንዴት ያለ ነጭ ነው" ይላል። ሰው ለይሉኝታ ሲል የማይለው ነገር የለም፤ ቢጠየቅ ድመቷንም ግመል ናት ይል ነበር።

ሙሽራው ግን ሰላም የለውም። የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ አለቃ እንዳያውቁበት። ካወቁ ከሥራ ያባርሩኛል ብሎ ይፈራል፤ ስማቸው ከሌለ ደግሞ የእሱን በር የሚያንኳኳ ደንበኛ የለም። ከዚያ የባሰው ፍርሃቱ ግን ሌላ ነው፤ ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ "አንተም?" እንዳይሉት። አባቱን በልጅነቱ የቀበረ ሰው ነው። አለቃን ከልቡ ይወዳቸዋል፤ ሲዋሻቸውም የሚዋሸው ከልቡ ነው።

የሰፈሩ የዓይን ክሊኒክ አዲስ ክፍል ሠርቶ ቀቢ ሲፈልግ አለቃን ጠራ። ናሙና ይምጣ ተባለ። አለቃ አንድ ጣውላ በገዛ እጃቸው ቀቡና በጨርቅ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር አስገቡት። ሙሽራው መንገዱን ሙሉ፣ "ልያዝልዎት፣ አለቃ" እያለ ለመናቸው። ወይ ፍንክች።

ክሊኒኩን የምትመራው የዓይን ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ክብ ፊት፣ አጭር ጠጉር፣ ሲናገሯት ዝም ብላ የምታዳምጥ። ጣውላውን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችው።

"ይሄ ምንድነው፣ አባባ?"

"ነጭ ነዋ።"

"ሰማያዊ ነው እኮ።"

ሙሽራው ወለሉን አየ። አለቃ ግን አልተቆጡም፤ እንደ ማዘን አደረጋቸው። "ልጄ፣ ሥራ በዝቶብሽ ነው" አሏት። "እንደው ጊዜ ስታገኚ ዓይንሽን ታዪው።"

ሐኪሟ አልሳቀችም። ወደ ሙሽራው ዞረች። "እርስዎስ? ምን ይታይዎታል?"

ሙሽራው አለቃን አየ፣ ጣውላውን አየ። "ነጭ ነው" አለ።

"እንግዲያው ሁለታችሁም ትመረመራላችሁ" አለች።

መጀመሪያ ሙሽራውን አስቀመጠችው። የግድግዳውን የፊደል ሰሌዳ የመጨረሻ መስመር አልፎ ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈውን የማተሚያ ቤቱን አድራሻ ጭምር አነበበላት። ቀለማቱንም አንድ በአንድ ለየ። "የእርስዎ ዓይን ደህና ነው" አለችው መብራቱን እያጠፋች። "ያመመዎት ሌላ ቦታ ነው።"

ቀጥሎ አለቃ ተቀመጡ። ከላይ ያለውን ትልቁን ፊደል ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ፣ "ይሄን የጻፈው ማነው? ጥቁሩን አቅጥኖታል" አሉ። ሐኪሟ ብሌናቸውን የሚያሰፋ ጠብታ አደረገችላቸው፤ ጠብታው እስኪሠራ አስጠበቀቻቸው፤ ከዚያ በመሣሪያዋ ዓይናቸው ውስጥ ስታይ ቆየች።

"የዓይን ሞራ ነው" አለች። "በሁለቱም ዓይንዎ ነው፤ የቀኙ ይብሳል።"

"ሞራ ቢኖርብኝ በመስታወት አየው ነበር" አሉ አለቃ።

"ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። ሞራ ከውጭ የሚጋረድ ቆዳ አይደለም። ዓይናችን ውስጥ፣ ከብሌኑ ኋላ፣ ሌንስ አለ። በልጅነታችን እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይደፈርሳል። የአንዳንዱ ሰው ይነጣል፤ የእርስዎ ደግሞ መጀመሪያ ቢጫ ሆኖ አሁን ቡናማ ሆኗል። ዓለምን የሚያዩት በቡናማ ጠርሙስ ውስጥ ነው ማለት ነው። ቡናማ ጠርሙስ ሰማያዊ ብርሃን አያሳልፍም፤ ስለዚህ ነጩ ሁሉ ቢጫ ይሆንብዎታል። እርስዎ ደግሞ እስኪነጣልዎት ድረስ ሰማያዊ ይጨምሩበታል።"

ይህን ያህል እውነት በአንድ ትንፋሽ አለቃ ፊት የተናገረ ሰው ኖሮ አያውቅም። ሙሽራው ጣሪያው የሚወርድ መስሎት ጠበቀ። አልወረደም።

"መነጽር ስጪኛ" አሉ አለቃ።

"መነጽር ከፊት ነው የሚቀመጠው፤ የደፈረሰው ከውስጥ ነው።"

"ጠብታ።"

"ሞራን የሚያሟሟ ጠብታ የለም። አለኝ የሚል ካገኙም ይሽሹት። መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ነው። ዓይንዎ በጠብታ ይደነዝዛል፤ አይተኙም፣ ሲያወሩን ይቆያሉ። በጠባብ ቀዳዳ እንገባና የደፈረሰውን ሌንስ ሰባብረን እናወጣዋለን፤ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ እናስቀምጣለን። ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ነው። መጀመሪያ ቀኙን፣ ሲያገግም ግራውን።"

"ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ይሄ ጣውላ ነጭ ነው።"

"እንግዲያው እንወራረድ" አለች ሐኪሟ። "ሞራው ይውጣ። ከወጣ በኋላም ይሄን ነጭ ነው ካሉኝ፣ ክፍሉን በፈለጉት ቀለም ይቀቡልኛል፤ እኔ አንድ ቃል አልናገርም። ካላሉኝ ግን እኔ ነጭ ያልኩትን ይቀቡልኛል።"

አለቃን በሽታ ነው ብሎ ማሳመን አይቻልም፤ ተሳስተሻል ብሎ ማሳየት ግን ደስ የሚላቸው ነገር ነው። በዚያ በኩል ገባችባቸው። "ቀን ቁረጪ" አሏት።

ወሬው ሰፈር ገባና ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ጎረቤት፣ "ሞራ ሳይበስል አይነካም፤ ምንም ማየት እስኪያቅትዎ ይጠብቁ" አለ፤ ሐኪሟ ስትሰማ፣ "ይሄ የድሮ ወሬ ነው፤ ሥራውን የሚያከብድብን እሱ ነው" አለች። ሌላዋ ማር ጠብ አድርገው ይተኙ አለች። ባለ ቀለም ሱቁ ደግሞ ዓይንን ከነቤቱ አውጥተው በሳሕን ላይ እንደሚያጥቡት፣ የአጎቱ ልጅ በዓይኑ እንዳየ ተረከ። የታጠበው ዓይን የማን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ የዚያው የአጎቱ ልጅ ነው አለ። ታዲያ በየትኛው ዓይኑ አየ ብሎ የጠየቀው የለም።

ቤት ውስጥ ግን ወሬው ሌላ ነበር። የአለቃ ባለቤት ሙሽራውን ጓሮ ጠርተው፣ "ዓይኑ ሲበራ እዚህ ቤት ሊገባ ነው" አሉት፤ ዙሪያቸውን በእጃቸው እያሳዩ። ሙሽራውም ይህን ሲያስብ ነው የሰነበተው። አለቃ እንዲያዩ ይጸልያል፤ እንዳያዩም ይጸልያል። ሰማይ ቤት ጸሎት የሚቀበል ካለ ግራ ሳይገባው አልቀረም።

"የቀዶ ሕክምናው ቀን ልጅቷ አብራው ትሂድ" አሉ አማቱ። "እኔና አንተ ቤቱን እንቀባዋለን። ነጭ። እውነተኛውን ነጭ። ፋሻው ሲፈታ ነጭ ቤት ያያል፤ ሰፈሩም ነጭ ነው፤ ቤቱም ነጭ ነው። ማን ምን አለ?"

"ማንም ምንም አላለ፣ እማዬ" አለ ሙሽራው። የሚያምር እቅድ መሰለው። ለረጅም ጊዜ የዋሸ ሰው አንድ ውሸት ሲጨምርበት መገላገል ይመስለዋል።

በቀኑ አለቃና ልጃቸው ከግቢው በር እንደወጡ ሥራው ተጀመረ። ዕቃው መሀል ተሰበሰበ፣ አንሶላ ለበሰ። ሙሽራው በሮለር፣ አማቱ በብሩሽ ተያያዙት። ሰማያዊው እንደ ግትር ዘመድ አልወጣም አለ፤ አንድ ጊዜ ሲቀቡት ከሥር ብቅ ይላል፤ ደገሙት፣ ሠለሱት። አማቱ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ሆነ። ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ሲንኳኳ ሳሎኑም መኝታ ቤቱም አልቋል፤ ዶሮ ቤቱም ተቀብቷል። የቀረው የውሃ ታንከሩ ብቻ ነው። እሱ ጓሮ ነው ተባለና ተተወ።

አለቃ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ገቡ። ቀኝ ዓይናቸው በፋሻና በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኗል። ደስ ብሏቸዋል። ሐኪሞቹ ሲሠሩ እሳቸው ስለ ክሊኒኩ ጣሪያ ቀለም ሲገሥጿቸው እንደቆዩ፣ ሕመም የሚባል ነገር እንዳልተሰማቸው፣ የተለያየ ቀለም ያለው መብራት ብቻ እንዳዩ ማውራት ጀመሩ። ከዚያ የቀለሙ ሽታ መጣባቸው።

"እንኳን ደህና መጣህ ብለን ቤቱን አደስነው" አሉ ባለቤታቸው ፈጠን ብለው። "በራስህ ነጭ።"

አለቃ ወደ ግድግዳው ሄዱ። በግራ ዓይናቸው፣ በዚያ ገና ባልተነካው ዓይን፣ እንደ ልማዳቸው አፍንጫቸውን አስጠግተው አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

"ቢጫ ነው" አሉ።

ያን ጊዜ ሙሽራው የሠሩት ስህተት ፍንትው ብሎ ታየው። ቤቱን የቀቡት ለአዲሱ ዓይን ነበር። አሮጌው ዓይን ግን ቡናማ ጠርሙሱን እንደያዘ እዚያው ነው። ወገባቸው እስኪቆረጥ ለፍተው ማስረጃ አጠፋን ሲሉ፣ ያጠፉት ያ ዓይን በዓለም ላይ ነጭ ብሎ የሚያየውን አንዱን ቤት ነበር። ሞኝነት እንዲህ በሁለት ሰው እጅ ሦስቴ ተደራርቦ ሲቀባ ታይቶ አይታወቅም።

"በኔ ነጭ ነው ያልሽው?" አሉ አለቃ፣ ከግድግዳው ዓይናቸውን ሳያነሱ።

"አዎ። ባንተ።"

"የኔ ነጭ እኔ ቤት ቢጫ መትቶ አያውቅም።" ጣታቸውን እርጥቡ ቀለም ላይ አሳረፉ። "ይሄን ቢጫ አውቀዋለሁ። የባለ ዳቦ ቤቷ ቢጫ ነው። የትምህርት ቤቱ ቢጫ ነው። የጠበቃው ሳሎን ቢጫ ነው። እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስቱኮ ስሰድብ..."

አልጨረሱትም። አንሶላውን ገለጥ አድርገው ወንበር አገኙና ተቀመጡ። የቀረውን ቀን እዚያው ተቀምጠው ዋሉ፤ ልጃቸው እህል ስታቀርብላቸው ብቻ ፊታቸውን ቀና አደረጉ።

በማግሥቱ ክሊኒኩ ሄደው ፋሻው ተፈታላቸው። ሲመለሱ ከሙሽራው ጋር ነበሩ፤ ሙሽራው አንድ እርምጃ ከኋላ። አለቃ መንገዱን በዝግታ ሄዱት። የዛፎቹን ቅጠል አዩ፣ የሰውን ፊት አዩ፤ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ አፍጥጠው ስላዩት ሰላምታ የሰጣቸው ብዙ ነው። ባለ ዳቦ ቤቷ ቤት ፊት ለፊት ቆሙ። ግድግዳው ነጭ ነበር፤ የሚያምር ጥርት ያለ ነጭ። "ጎበዝ ቀቢ ነው የቀባው" አሉ። ሙሽራው መሬት ብትከፈት ገብቶ ይዘጋባት ነበር።

ቤት ደርሰው ሳሎን አልገቡም፤ ዞረው ጓሮ ሄዱ። ታንከሩ እዚያ ቆሟል፣ በጸሐይ ሰማያዊነቱ ብሶበት። አለቃ ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑና አዩት። ከዚያ አዲሱን ዓይን ሸፈኑና በአሮጌው አዩት። ደግመው ደጋግመው እንዲሁ አደረጉ። ባለቤታቸው ከወጥ ቤት ወጥተው እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ቆሙ።

"ይሄን ነው ነጭ ስትሉኝ የኖራችሁት?"

"አዎ" አሉ ባለቤታቸው። እሳቸው መዋሸት ሲደክማቸው በአንዴ ነው የሚተዉት።

"ባለ ዳቦ ቤቷ ታውቃለች?"

"ታውቃለች።"

"ለናሙና ያመጣኋቸውስ?"

"ሁሉም። እኔ ከጀርባህ ሆኜ እጄን ሳርገበግብ ነበር።" እጃቸውን ከቀሚሳቸው ላይ አነሱ። "ልናሳፍርህ አይደለም። እንዳታፍር ብለን ነው።"

"አሁን አላፈርኩም?" አሉ አለቃ።

አፍረዋል፤ እስከ ጆሯቸው ጫፍ ደም መጥቶ ፊታቸው ላይ ይታያል። ከዚያ ወደ ሙሽራው ዞሩ። አዲሱ ዓይን ትንሽ ቀልቷል፤ እያንዳንዱን የፊቱን ሽብሽብ የሚቆጥር መሰለው።

"ባልዲውን የምትቀይረው አንተ ነህ።"

"እኔ ነኝ።"

"ለኔ አዝነህ ነው ወይስ ለሥራህ?"

"ለእርስዎ አዝኜ ነው" አለ ሙሽራው። ግማሹን ብቻ እንደተናገረ ራሱ ያውቀዋል፤ አለቃም ማወቃቸውን ከፊታቸው አነበበ። አላባረሩትም። ቢያባርሩት ይሻለው ነበር። "ጠጉርህ ሸብቷል፤ አይቼው አላውቅም ነበር" ብለውት ወደ ቤት ገቡ።

ሐኪሟ ከባድ አያንሱ፣ ዓይንዎን አይሹ፣ አቧራ አይጠጉ ብላቸዋለች። አለቃ ጠብታቸውን እየጨመሩ፣ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው በረንዳ ላይ ከረሙ። ሰፈሩ ሊጠይቃቸው መጣ። እያንዳንዱን እንግዳ የሸሚዙን ቀለም ይጠይቁታል፣ መልሱን ይሰማሉ፣ ከዚያ ሸሚዙን ያያሉ። ባለ ዳቦ ቤቷ ቢመጡ ውሃ ጠጥተው እንኳ ሳይጨርሱ ሄዱ። ባለ ቀለም ሱቁም ጭራሽ አልመጣም።

ሐኪሟ ሥራ መጀመር ይችላሉ ስትል፣ አለቃና ሙሽራው ክሊኒኩ አዲስ ክፍል ውስጥ ገቡ። ግድግዳው ስቱኮ ተደርጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ይጠብቃል። ያ የናሙና ጣውላ መስኮቱ ሥር ተደግፎ ነበር። አለቃ አንድ ጊዜ አዩትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞሩት። ውርርዱ በዚሁ አለቀ።

በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ሙሽራው ባልዲውን አቀረበ። አለቃ ጠርሙሷን አንስተው አንዲት ጠብታ አደረጉ፣ አማሰሉ፣ አዩ። ከዚያ ግራ ዓይናቸውን ሸፍነው አዩ። ከዚያ ቀኙን ሸፍነው አዩ። ግራው ዓይን ገና ተራው አልደረሰም። እጃቸው ወደ ጠርሙሷ ሄደ፣ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ። ዕድሜ ልኩን በዓይኑ ሲምል የኖረ ሰው በሁለት ዓይኑ መሀል ግራ ተጋብቶ ተቀምጧል።

"ሙሽራው" አሉ አለቃ።

"አቤት።"

"ምንድነው ቀለሙ?"

ሙሽራው ጎንበስ ብሎ ባልዲውን አየ። ነጭ ነበር። ጥርት ያለ፣ ሰማያዊዋ ጠብታ በውስጡ ጠፍታ እሱን ብቻ ያበራችው፣ ከፋብሪካው የሚሻል ነጭ። እሱ በዕድሜው እንዲህ ያለ ነጭ መቀላቀል አልቻለም፤ ይችላል ብሎም አያስብም።

"ነጭ ነው፣ አለቃ" አለ።

አፉ ይህን ቃል የለመደው ስለሆነ፣ በስንቱ ሰማያዊ ባልዲ ላይ እንዳለው እንዲሁ ነበር የወጣው። ያው ድምፅ፣ ያው አንገት ደፋ ማለት። ራሱም ሰማው።

"እውነቴን ነው" አለ። "አሁን እውነቴን ነው። ልጆቼን ይንሳኝ፣ ነጭ ነው።"

አለቃ በአዲሱ ዓይን ትክ ብለው አዩት። ቁጣ አልነበረም ፊታቸው ላይ። ሊያምኑት እየፈለጉ እንዳቃታቸው ይታያል፤ ለሙሽራው ከስድብ የከበደው ይሄ ነው።

"ሐኪሟን ጥራልኝ" አሉ፤ ማማሰያውንም ባልዲው ላይ አጋደሙት።

ሙሽራው ወጣ። በኮሪደሩ ጫፍ የሐኪሟ በር ተዘግቷል፤ በበሩ ላይ አንዲት ነርስ ቆማለች። ለሐኪሟ ምን እንደሚል እያሰበ ነው የደረሰው። አንድ ሰው ነጭ ቀለም ቀላቅሏል፤ ነጭ ነው ብዬው አላመነኝም፤ መጥተው ነጭ ነው ይበሉልኝ። ይህን ለሰው እንዴት ይነግሩታል?

"ሐኪሟን ፈልጌ ነበር" አለ።

"ዓይንዎን ነው?" አለች ነርሷ።

ሙሽራው አለቃ ወዳሉበት ክፍል ዞሮ አየ።

"ተራ ይያዙ" አለችው፣ ወንበሮቹን እያሳየችው። ሙሽራው ዓይናቸው ከተሸፈነው፣ ዱላ ከያዙት፣ በልጆቻቸው ክንድ ከተደገፉት ሰዎች መሀል ባዶ ቦታ አገኘና ተቀመጠ።